ዶላር የሚከፈላቸው ልጆች

ሰኞ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ አንድ ወር አልቀረውም። በዚህ ሰሞን ካዛንቺስ ያለችው ቢሮዬ የምትሞላው በባለሱቆች፣ በምግብ ቤት ባለቤቶችና በሚኒባስ ባለንብረቶች ነው፤ ደረሰኛቸውን በፌስታል ጠቅጥቀው ይመጡና "ጋሼ፣ ዘንድሮስ እንዴት ነው ነገሩ?" ይሉኛል። ዛሬ በር ላይ የጠበቁኝ ግን ላፕቶፕ ያነገቱ ሁለት ወጣቶች ናቸው። አንደኛው ለአንድ የጀርመን ኩባንያ ፕሮግራም ይጽፋል፤ ሁለተኛዋ ለአሜሪካ ደንበኞች ዲዛይን ትሠራለች። ሱቅ የላቸውም፣ ንግድ ፈቃድ አላወጡም፣ አሠሪያቸውን ከስክሪን ውጭ አይተውት አያውቁም። ሥራቸውን እንደያዙ አገር መቀየር ይፈልጋሉ። ጉዳይ አስፈጻሚው "መጀመሪያ የሒሳብ ሰው አናግሩ" ብሎ ነው ወደ እኔ የላካቸው።

ከውጭ የሚመጣ ደመወዝ ለካዛንቺስ ብርቅ አይደለም። አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ የሰፈሩ ቤት ኪራይ፣ ምሳ ቤትና ታክሲ ከተባበሩት መንግሥታት ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሠራተኞች ጋር ነው የኖረው። የኮሚሽኑ ሠራተኛ ግን ማስረጃ ሲጠየቅ መንገድ ተሻግሮ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ያመጣል። የእነዚህ ልጆች አሠሪ ማኅተም የለውም፤ አንዳንዱማ ቢሮም የለው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ፕሮግራመሩ ያጠናውን ዝርዝር ይዞ መጣ። ለርቀት ሠራተኞች ተብሎ የሚሰጥ ቪዛ የተጀመረው በኮሮና ጊዜ ነው፤ ባርቤዶስና ኢስቶኒያ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ቀደሙ፣ ሌሎቹ ተከተሉ። ልጁ የሚመኘው ፖርቱጋልን ነው። እዚያ ይህ ቪዛ የተጀመረው በጥቅምት 2015 ሲሆን አመልካቹ የአገሪቱን ዝቅተኛ ደመወዝ አራት እጥፍ ማግኘት አለበት። ዝቅተኛው ደመወዝ በዚህ ዓመት 870 ዩሮ ስለሆነ፣ በወር 3,480 ዩሮ ማለት ነው። ዱባይ 3,500 ዶላር ትጠይቃለች። ደቡብ አፍሪካ በዓመት 650,796 ራንድ። ናሚቢያ ለስድስት ወር ቆይታ በወር 2,000 ዶላር።

የልጁ ደመወዝ 1,800 ዩሮ ነው። በሰፈራችን ሚዛን ባለጸጋ ነው፤ በሊዝበን ሚዛን ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። ከዝርዝሩ ውስጥ ስሌቱ የሚያሳልፈው ለናሚቢያ ብቻ ነው። "ጋሼ፣ ዊንድሁክ ሄጄ ምን ልሠራ?" ብሎ ሳቀ። እዚህ የሚሠራውን እዚያ ትሠራለህ አልኩት።

እነዚህ ቪዛዎች ሲታሰቡ በሐሳብ የነበረው ሰው ከውድ አገር ደመወዙን ይዞ ወደ ረከሰ አገር የሚሄድ ነው። የእኛ ልጆች ጉዞ በተቃራኒው ስለሆነ የገቢው መስፈርት ገና በሩ ላይ ይይዛቸዋል።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ቪዛ የተከለከለ ሌላ ወጣት መጣ፤ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነው። እሱ የፈለገው መኖሪያ አልነበረም። ኩባንያው ሠራተኞቹን ሁሉ ለአንድ ሳምንት አውሮፓ ሊሰበስብ ነውና የሸንገን ቪዛ ጠይቆ ነበር። የተሰጠው ወረቀት በሁሉም የሸንገን አገሮች አንድ ዓይነት የሆነው ቅጽ ነው፤ ምክንያቶቹ ተዘርዝረው ታትመዋል፣ የአንተ የሆነው ላይ ምልክት ይደረግበታል። የእሱ ሁለት ናቸው፦ በቂ መተዳደሪያ እንዳለው አላሳየም፣ ተመልሶ ለመውጣት ማሰቡም አጠራጣሪ ነው።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ በወር ሁለት ሺህ ዶላር አገኛለሁ! እንዴት መተዳደሪያ የለህም ይሉኛል?"

የባንክ ስቴትመንቱን አየሁት። ደመወዙ የሚገባው ቨርጂኒያ ባለች የአክስቱ ልጅ ሒሳብ ነው። እሷ በሰው በሰው ትልካለች፤ እዚህ ብሩን የሚያስገባለት ሰው በየጊዜው ይለያያል። ስለዚህ ስቴትመንቱ ላይ ያለው የማይታወቁ ሰዎች ያስገቡት ብር ነው፤ አንዱ ወር ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ወር ምንም። ገንዘቡ አለ፣ ታሪኩ የለም። የቪዛ መኮንኑ ይህን አይቶ ወደ ኋላ ቢል አልፈርድበትም።

ወቅቱም አላገዘውም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ያጠበቀው ደንብ አለ። ኢትዮጵያ ከአውሮፓ የሚመለሱ ዜጎቿን በመቀበል ረገድ አልተባበረችም በሚል፣ 15 ቀን የነበረው ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜ 45 ቀን ሆነ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ክፍያው ደግሞ በዚያው ዓመት ሰኔ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ወጣ፤ ቢከለከሉ አይመለስም።

ለአክስቱ ልጅም እንዲያስብላት ነገርኩት። የአሜሪካ ኩባንያ በስሟ ሲከፍል ገቢው የእሷ ተብሎ ለአገሯ ግብር መሥሪያ ቤት ሊመዘገብባት ይችላል። "እሷ እኮ ለውለታ ብላ ነው" አለ። ውለታ በቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

ይህን ነገር ከሌሎችም አይቼዋለሁና እዚህ ላይ ልጻፈው፦ ለግብር ሰብሳቢው እንዳይታይ የተሸሸገ ደመወዝ ለቆንስላውም አይታይም። ሁለቱ የሚያዩት አንድ ወረቀት ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 30

የበጀት ዓመቱ ዛሬ ተዘጋ። ዲዛይነሯ ስትከራከረኝ አመሸች።

"ጋሼ፣ እኔ ከዚህ አገር አንድ ብር አላገኘሁም። የሚከፍሉኝ አሜሪካውያን ናቸው። እዚህ የምከፍለው ስለ ምኑ ነው?"

የገቢ ግብር አዋጁ፣ ቁጥር 979/2008፣ የሚጠይቀው ተቀባዩ የት እንደሚኖር ነው። መደበኛ መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነ፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ በተከታታይም ይሁን እየተመላለሰ ከ183 ቀን በላይ እዚህ የቆየ ሰው ነዋሪ ነው፤ ነዋሪ ደግሞ ከየትኛውም የዓለም ጫፍ ባገኘው ገቢ ላይ ይከፍላል። በውጭ አገር የከፈለው ግብር ካለ ማስረጃውን ሲያቀርብ ይቀናነስለታል። እዚህ ያለ አሠሪ ግብሩን በየወሩ ከደመወዝ ቀንሶ ስለሚያስገባ ሠራተኛው እንደከፈለ እንኳ አይሰማውም። የውጭ አሠሪ አይቀንስም፤ ማስታወቁም መክፈሉም ወደ ልጅቷ ይዞራል። ውሏ ላይ ደግሞ ተቀጣሪ ሳትሆን ራሷን የቻለች ኮንትራክተር እንደሆነች ስለተጻፈ ጉዳዩ ወደ ንግድ ሥራ ገቢ ይሄዳል። ያ ማለት ንግድ ፈቃድ፣ የሒሳብ መዝገብ፣ ደረሰኝ። ጥቅምም አለው፤ የኢንተርኔቱን፣ የላፕቶፑንና የቢሮውን ወጪ በደረሰኝ መቀነስ ትችላለች።

"እሺ፣ 184 ቀን ናይሮቢ ብቀመጥስ?" አለችኝ። ሁሉም ይህችን ቁጥር ሰምቶ ነው የሚመጣው። ቀኑን መቁጠር ብቻውን አያወጣም፤ ቤትሽ፣ ቤተሰብሽና ዕቃሽ አዲስ አበባ ከሆነ መደበኛ መኖሪያሽ እዚሁ ነው የሚል ሰው ይነሣብሻል። ኬንያም በበኩሏ 183 ቀን የተቀመጠን ሰው ነዋሪዬ ነው ትላለች፤ የላይኛው የግብር መጠኗም እንደኛው 35 በመቶ ነው። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም፤ ያለ ቪዛ መግባት ግን ያለ ፈቃድ መሥራት ማለት አይደለም። ለርቀት ሠራተኞች የሚሰጥ ፈቃድ ኬንያ ጀምራለች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

የዛሬው እንግዳ የመጣው ከወዲያ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ የአሜሪካ ዜጋ፣ ልጅነቱን ካዛንቺስ ያሳለፈ። ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ በርቀት ይሠራል፤ እናቱን ለመጦር ብሎ ላፕቶፑን ይዞ መጥቷል። ቪዛ አይጠይቅም፤ ሕጉ በ1994 ዓ.ም. የወጣለት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ መኖርም መሥራትም ይፈቅድለታል።

የእሱ ጭንቀት ግብር ነው። አሜሪካ ዜጋዋን የትም ቢኖር ትከተለዋለች። በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 330 ቀን ከአገሯ ውጭ ለቆየ ሠራተኛ በዚህ ዓመት እስከ 130,000 ዶላር ድረስ ያለውን የሥራ ገቢ ከግብር ነፃ ታደርግለታለች። "እንግዲያው ለማንም አልከፍልም ማለት ነው?" አለኝ። 183 ቀን ሲያልፍ ኢትዮጵያ ነዋሪዬ ነህ ትለዋለች። ኢትዮጵያ ከጣሊያን፣ ከፈረንሳይ፣ ከእንግሊዝ፣ ከፖርቱጋል ጋር ተደራራቢ ግብርን ለማስቀረት ተስማምታለች፤ ከአሜሪካ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም። ቀኖቹን ከዛሬ ጀምሮ በፓስፖርቱ ማኅተም እየቆጠረ እንዲጽፍ መከርኩት።

ሲወጣ ፕሮግራመሩ ከበሩ ላይ ተገናኘውና ወሬ ጀመሩ። አሜሪካ ከማክሰኞ ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የጎብኚ ቪዛ ሦስት ወር የሚያገለግልና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ አድርጋዋለች። ሁለቱ የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም በላፕቶፕ ይሠራሉ። አንዱ ጥያቄው በየትኛው አገር እከፍላለሁ ነው፤ ሌላው ማን ያስገባኛል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ባለፈው ሳምንት ምክር ቤቱ የገቢ ግብር ማሻሻያውን አጽድቋል። ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ 35 በመቶ የሚጀምርበት ጣሪያም ከ10,900 ወደ 14,000 ብር። ቢሮዬ የመጣ ሁሉ "ቀነሰልን" ይላል። በብር ለሚከፈለው እውነት ነው።

በዶላር ሳሰላው ሌላ ሆነ። አዋጁ በወጣበት በ2008 ዶላር 22 ብር ገደማ ነበር፤ 10,900 ብር 500 ዶላር ያህል ነው። አምና ሐምሌ፣ ብሩ ከመለቀቁ በፊት፣ ያው 10,900 ብር 190 ዶላር ገደማ ነበር። ዛሬ ዶላሩን በ135 ብር ብናስበው 14,000 ብር 104 ዶላር ነው። ጣሪያው በብር ወጣ፣ በዶላር ወረደ። ከውጭ የሚከፈለው ልጅ ሁሉ፣ ደመወዙ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ የላይኛው እርከን ላይ ተሰቅሏል።

ለዲዛይነሯ በ1,500 ዶላር አሰላሁላት። 202,500 ብር ነው። በቅጥር ሰንጠረዡ ቢሄድ ግብሩ 68,825 ብር፤ ከመቶ 34። ዝም ብላ አየችኝና "ኪራዬ ከዚህ ያንሳል" አለች።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ቂርቆስና ገብርኤል። መንገዱ በነጭ ልብስ ተሞልቷል። በዓመቱ መጀመሪያ ቤታቸው ለኮሪደር ልማት ፈርሶ ወደ ገላን ጉራ የሄዱት ጎረቤቶቻችን ለንግሡ መጥተዋል፤ ከሩቅ የሚተያዩ ሴቶች እየተሯሯጡ ይሳሳማሉ። የፕሮግራመሩ እናት ቢሮዬ ጎራ አሉ።

"አንተ ነህ አሉ ልጄን ፖርቱጋል የምትሰደው?"

"እኔ ግብር ነው የማስከፍለው፣ እትዬ።"

"እሱስ ይሻላል" ብለው ሳቁ።

የልጁ ሰነድ ላይ ያለውን ችግር ያኔ ነው የተረዳሁት። መታወቂያው የካዛንቺሱን ወረዳና የቤት ቁጥር ይዟል። ቤቱ የለም፤ የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ብስክሌት ይነዳበታል። ባንኩ ያለው አድራሻ የድሮው ነው፣ የኪራይ ውሉ የአዲሱ፣ የግብር ፋይሉ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሊከፈት ነው። ቆንስላ እነዚህን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ነው የሚያነበው። ከድሮው ወረዳ መሸኛ ሳያመጣ አዲሱ ወረዳ አይመዘግበውም። ከቪዛው ሁሉ በፊት መሸኛውን እንዲጨርስ ለእናቱ አደራ ሰጠሁ። እሳቸው ከያዙት ይጨርሳሉ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ዑራኤል ነው። ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተለቀቀም ዛሬ ዓመት ሞላው፤ 57 ብር የነበረው ዶላር ባንክ ውስጥ ከ130 በላይ ነው።

በዚያው ሰሞን የወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ የልጆቹን ጉዳይ የሚነካ አንድ ነገር ፈቅዷል፦ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈለው ነዋሪ በስሙ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ይችላል። ቪዛ የተከለከለው ልጅ ይህን አያውቅም ነበር። ዛሬ አብሬው ሄድኩ። የባንኩ ሠራተኛ የሥራ ውሉን፣ ፋይዳውንና ገንዘቡ የሚመጣበትን ምክንያት ጠየቀችው። ውሉን ከስልኩ አወጣላት፤ አትማ እንደገና አነበበችው።

በጥቁር ገበያው ቢቀይር የተሻለ ብር ያገኛል፤ ልዩነቱ አልጠፋም። ያ ልዩነት ግን በየወሩ ስቴትመንቱን እየበላበት ነው የኖረው። ስድስት ወር ሙሉ ከአንድ ኩባንያ፣ በአንድ ቀን፣ በእሱ ስም ሲገባ የሚያሳይ ወረቀት የተሻለው ብር አይገዛለትም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

የሰነድ ሳምንት። ዲዛይነሯ ዝርዝሯን ይዛ ትዞራለች፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነፃ የሚል የፖሊስ ማስረጃ፣ ያላገባ ማስረጃ፣ ፓስፖርት። ትርጉሙ ፈቃድ ባለው ቢሮ ይሠራል፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ያጸድቀዋል፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ያሳርፍበታል፣ ከዚያ ኤምባሲው። አንዱ ወረቀት ላይ የአያቷ ስም በ"ሐ"፣ ሌላው ላይ በ"ሀ" ተጽፎ እንግሊዝኛው በሁለት ዓይነት ወጥቷል። ያ ብቻ እንደገና ወረዳ መለሳት።

እኔ የጨመርኩላት አንድ ወረቀት ነው፤ ቲን አውጥታ፣ ፈቃድ ይዛ፣ የመጀመሪያውን ማስታወቂያዋን ስታስገባ የሚሰጣትን ደረሰኝ። "ግብሩ ለቪዛው ምን ያደርጋል?" አለች። መንግሥትሽ ገቢሽን አይቶ የተቀበለበት ብቸኛው ሰነድ እሱ ነው አልኳት። ውል ማንም ይጽፋል።

ሐሙስ፣ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፕሮግራመሩ ከአሠሪው ጋር ተነጋግሮ መጣ። ፖርቱጋል ካልሆነ ኩባንያው ወደ ጀርመን ለምን አይወስደኝም ብሎ ነበር። ለኮምፒውተር ባለሙያ ሰማያዊ ካርድ የሚባለውን የሥራ ቪዛ ጀርመን የምትሰጠው ደመወዙ በዓመት ቢያንስ 43,759.80 ዩሮ ሲሆን ነው፤ በወር 3,646 ዩሮ ገደማ። ኩባንያው ሥራውን እንደሚወድለት፣ ጉዳዩን ግን በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እንደሚያየው መለሰለት።

ልጁ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ላይ የነበረው ንዴት አልነበረም፤ ስሌት ነበር። "ጋሼ፣ 1,800 የሚከፍሉኝ ካዛንቺስ ስለምኖር ነው። ከሄድኩ እጥፍ ነኝ።" ሥራው አንድ ነው፣ ኮዱ አንድ ነው፣ ሰዓቱ አንድ ነው። ኩባንያው የሚያተርፈው ልጁ ባለበት ሲቆይ ነው፤ ስለዚህ የቪዛ ደብዳቤ ለመጻፍ የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም። ቪዛውን ከቆንስላው በፊት ሊከለክለው የሚችለው የገዛ አሠሪው መሆኑን አላሰበም ነበር። አሁን ሌላ ኩባንያ እየፈለገ ነው፤ ጀርመን ውስጥ በጀርመን ደመወዝ የሚቀጥረውን።

ዲዛይነሯ ለናይሮቢው ፈቃድ ታመለክታለች። የአክስቱን ልጅ ያሳረፈው ወጣት እስከ ጥር ስቴትመንቱን ያጠራቅማል። ከአሜሪካ የመጣው ቀኑን እየጻፈ ነው፤ እናቱ ግን "አትቁጠርብኝ" ብለው እንደተቆጡት ነገረኝ።

ሰኞ፣ መስከረም 19

ደመራው አልፎ ከተማዋ ወደ ሥራ ተመልሳለች። አዲስ ልጅ መጣ፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ዘንድሮ ነው። ከ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሰርተፊኬት አለው፣ በወር 400 ዶላር የሚከፍለው የመጀመሪያ ውል አለው። አሰላሁለት። በ140 ብር 56,000 ብር፤ በቅጥር ሰንጠረዡ ግብሩ 17,550።

"ከዚህ ላይ 17 ሺህ ከፍዬ ምን ልሁን?"

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ግብሩን ለሚደነግጉትም። መንግሥት እነዚህን ልጆች አሠልጥኖ ጉልበታቸውን ለውጭ ገበያ እንዲሸጡ ጋብዟል። ግብር መሥሪያ ቤት ሲሄዱ ግን ወይ ባለሱቅ ወይ ደመወዝተኛ ሆነው መቅረብ አለባቸው። በብር የተሰፋ እርከን በዶላር ለሚከፈል ጀማሪ አይበቃውም። ለአነስተኛ የአገልግሎት ላኪዎች ዝቅ ያለና ቀለል ያለ መጠን ቢወጣ፣ ዛሬ በአክስት ልጆች ሒሳብ የሚያልፈው ገንዘብ በራሱ እግር የሚገባ ይመስለኛል።

ልጁን ግን ይህ መጠን እስኪወጣ ጠብቅ አላልኩትም። ግብሩን የምቀንስበት ሥልጣን የለኝም፤ ወጪህን በደረሰኝ ያዝ፣ እሱን እናቀናንሳለን፣ ደመወዝህን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በራስህ ስም ተቀበል አልኩት።

"እኔ እኮ ወደ ውጭ የመሄድ ሐሳብ የለኝም" አለ።

ሁለት ሺህ ዶላር የሚያገኙትም ሲጀምሩ እንዲሁ ይሉ ነበር። ውሉን አትመህ ሐሙስ ና፣ ከቲን እንጀምራለን ብዬ ሸኘሁት።